እግራቸው ያልረጠበው አድሚራል

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ብዙ ጀግኖች አፍርቷል፤ ከጉንፋን ጋር እንደ አድሚራል ሰር ሉሺያን ዌዘርቢ የተጋደለ ግን አልተገኘም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሳውዝሲ በምትባል የወደብ ከተማ፣ ባሕሩ ፊት ለፊት ባለ ቤት፣ መስኮት ዘግተው ውሃውን በመነጽር ሲጠብቁ ኖረዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን በእጃቸው አንዲት መርከብ አልሰጠመችም። ማን ነው እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው?

እዚያ አገር አድሚራል የሚያድገው በተራ ነው፤ ከላይ ያለው ሲሞት ከሥር ያለው ከፍ ይላል። ሰር ሉሺያን በጎልማሳነታቸው ለአሥራ አንድ ቀን ባሕር ወጥተው ዘጠኙን ቀን አስመልሷቸዋል። የቀረውን ማዕረግ ሁሉ ያገኙት ባለመሞት ነው። የድሉ ግማሽ ግን የሚስታቸው የሄስተር ነው። ካልሲያቸውን እሳት ዳር የምታሞቅ፣ በር በተከፈተ ቁጥር «ንፋስ! ንፋስ!» እያለች የምትሮጥ እሷ ናት። የባሕር ንፋስ ደግሞ ለማን ያዝናል?

ከላይ የቀሩት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የሰማንያ አራት ዓመቱ ታላቁ አድሚራል ቶሊቨር። እሳቸው ደግሞ በየማለዳው ባሕር ገብተው ይዋኛሉ።

«ዛሬም ገባ?» ይላሉ ሰር ሉሺያን ከብርድ ልብሱ ሥር።

«በረዶ እየጣለ ገባ! እየዘፈነም ወጣ» ትላለች ሄስተር ከመስኮቱ።

«ይሄ ሰውዬ ለአገሩ አያስብም ማለት ነው።»

በመጨረሻ ሄስተርን ለአገር የሚያስብ ደብዳቤ ለቶሊቨር አስጻፏት፦ «ክቡር ሆይ፣ የማለዳ ዋና ለጤናዎ እጅግ ተስማምቶዎታልና፣ በተለይ በጥር ወር፣ እንዳያቋርጡ በወንድማዊ ፍቅር አሳስባለሁ።» ቶሊቨር ምክሩን ተቀብለው በቀን ሁለቴ መዋኘት ጀመሩ፤ ሁለት ዓመትም እየወፈሩ ኖሩ። ከዚያ አንድ ቀን ምሳ ላይ የፕሪም ፍሬ አንቋቸው ሞቱ።

ሰር ሉሺያን ታላቁ አድሚራል ሆኑ። ደስታው እስከ ኑዛዜው ድረስ ቆየ፤ ሟቹ «ባሕር ውስጥ ቅበሩኝ፣ ተተኪዬም በጀልባ ይሸኘኝ» ብለው ነበር።

«አመመው ብዬ ልጻፍላቸው?» አለች ሄስተር።

«ሴትዮ፣ አብደሻል? በተሾምኩ ማግሥት አመመው ከተባለ ጡረታ ነው የሚያወጡኝ!»

ሰባት የሱፍ ሹራብ ደራርባ ላከቻቸው፤ ራሷ ባሕሩ ዳር ቆማ በመነጽሩ ታይ ጀመር። ጀልባው ላይ አጠገባቸው የተቀመጡት ባለተራው አድሚራል ሆብዴይ ነበሩ፤ ባርኔጣቸው አገጫቸው ሥር በክር ታስሯል። የተባባሉትን በኋላ ከቀዛፊዎቹ ሰማች።

«ጌታዬ፣ ሬሳው ሲወርድ ባርኔጣ ይወለቃል።»

«አንተስ?»

«እኔን ጆሮዬን ያመኛል፣ ሐኪም ከልክሎኛል። እርስዎ ግን ታላቁ አድሚራል ነዎት!»

ሄስተር ያየችው የባሏ መላጣ ሲያበራ ነው። «ባርኔጣህን! ሉሺያን፣ ባርኔጣህን!» ብላ ጮኸች። እሳቸው ሕዝቡ የሚያጨበጭብላቸው መስሏቸው እጃቸውን አውለበለቡ። ከዚያ ወደ ውሃው አጎንብሰው አስመለሳቸው።

በዘጠነኛው ቀን ሞቱ። ጋዜጣው «ባሕር የወለደውን ባሕር ወሰደው» ብሎ ጻፈ። የባሕር ኃይሉም አድሚራሎች በሙሉ ሐዘናቸውን ገለጹ፤ ወዲያውም ደረጃቸውን ቆጠሩ።

ከሆብዴይ ዘንድ ደብዳቤ መጣ፦ «እመቤቴ፣ ልቤ ተሰብሯል። የመቃብሩ ሥፍራ ንፋስ ስለሚበዛበት አልገኝም። የባለቤትዎን ሹራቦች ከየት እንደገዟቸው ቢነግሩኝ ውለታዎን አልረሳም።»

ሄስተር ዕንባዋን ጠርጋ መሳቢያውን ከፈተች። ለቶሊቨር የተጻፈውን የድሮ ደብዳቤ ረቂቅ አወጣች፤ አንድ ቃል ሳትጨምር፣ ስሙን ብቻ በሆብዴይ ለውጣ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ገለበጠችው። «በተለይ በጥር ወር» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።