ወንጪን የሚያውቀው ፈረስ

ልጅ መጠበቅ ቀላል ነው ብለው የሚያምኑ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ፤ ያልወለዱና፣ ወልደው ሚስታቸው የምትጠብቅላቸው። እኔ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከሁለተኞቹ ነበርኩ። አንተ ከነዚህ ካንዱም ካልሆንክ፣ አንባቢዬ፣ በቀጥታ ወደ ስፖርት ገጹ ብታልፍ አልቀየምህም።

ሥራዬ ንብረት ክፍል ነው። እዚሁ አምቦ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ወንበሩን ከወንበር፣ ወረቀቱን ከወረቀት እያስቀመጥኩ የምኖር ሰው ነኝ። የእኔን መደርደሪያ ያየ ሰው ጫማውን ማውለቅ ይዳዳዋል። ልጄ ቦንቱ ደግሞ አምስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ የምትውለው በጨዋታ በሚያስተምር የሕፃናት ማቆያ ነው። እዚያ ፊደል በጩኸት አይቆጠርም። ልጆቹ ጭቃ ያቦካሉ፣ ካርቶን ይቆርጣሉ፣ ይገነባሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ወላጅም በየተራው እየሄደ አንድ ቀን አብሯቸው ይውላል። የእኛን ቤት ተራ ሁልጊዜ የምትወጣው ባለቤቴ ነበረች። ያን ሰሞን ግን ጉደር ሥልጠና ነበረባት።

«ዛሬ አንተ ትሄዳለህ» አለችኝ።

«ምን ችግር አለው? ልጅ መጠበቅ ምን ሥራ አለው?»

ፈገግ ብቻ አለች። የዚያችን ፈገግታ ትርጉም ያኔ ባውቀው ኖሮ የዓመት ፈቃድ ቅጽ እሞላ ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ፣ «እኔም አሥር ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። ቦንቱ ፈረሷን ልታሳየኝ ቀጥራኛለች» ብላ ወጣች። የምን ፈረስ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ማቆያው ስንደርስ ቦንቱ እጄን ይዛ «የኔ አባት ነው» እያለች ለእያንዳንዱ ልጅ አስተዋወቀችኝ። ሞግዚቷ አዴ ጫልቱ ይባላሉ፤ እኛ ጋ ወይዘሮዋን አዴ፣ አቶውን ኦቦ ነው የምንለው።

«ኦቦ ግርማ፣ እንኳን ደህና መጡ። የእርስዎ ሥራ ማየት ነው» አሉኝ።

«ማየት ብቻ?»

«ልጅ እንዳይወድቅ፣ እንዳይጎዳ ያያሉ። ከጠየቁዎት ይመልሳሉ። ካልጠየቁዎት እጅዎን ይሰብስቡ።»

እስቲ አስበው… የግምጃ ቤት ሰውን እጅህን ሰብስብ! ግን ሰበሰብኩ። ልጆቹ ኪሴ ውስጥ አሸዋ ሲሞሉ ዝም አልኩ። ዶሮ ለምን ጫማ አታደርግም ሲሉኝ፣ ልኳ ስለማይገኝ ነው ብዬ መለስኩ። እስከ ምሳ ድረስ እንከን አልነበረብኝም።

ከምሳ በኋላ ልጆቹ ሌላኛው ክፍል ፍራሽ ላይ ተኙ፤ አዴ ጫልቱም አብረዋቸው ሆኑ። እኔ መጫወቻው ክፍል ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ወለሉን ሳየው ደሜ ፈላ። ቆርኪው ከጠጠር ተደባልቋል። ካርቶኑ ካርቶን ላይ ተንጋዷል። ሰማያዊ ጨርቅ መሬት ለመሬት ተጎትቷል። አንድ ጠርዙ የተሰበረ ሳፋ ውሃ ይዞ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ደግሞ እግሩ ሦስት ይሁን አራት ያልለየለት የደረቀ ጭቃ ቆሟል። ወላጆች ሊመጡ ነው፣ ምን ይሉናል አልኩና መጥረጊያውን አነሳሁ።

ቆርኪውን በጣሳ፣ ጠጠሩን በባልዲ አደረግኩ። ካርቶኑን ዘርግቼ በመጠን በመጠኑ ደረደርኩ፤ ጨርቁን አጣጠፍኩ። ሳፋውን ደፍቼ ግቢው አጥር ጥግ ወሰድኩት። ጭቃውን ጠራርጌ ጣልኩ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሜ ምስጋና መጠባበቅ ጀመርኩ።

ልጆቹ ዓይናቸውን እያሹ ገቡና ዝም አሉ። በሕፃናት ተሞልቶ ዝም ያለ ክፍል ገጥሞህ ያውቃል? አይግጠምህ።

«አምቦ የት ሄደች?» አለ በመጨረሻ ሮቤራ፣ ከሁሉም ተለቅ የሚለው ልጅ።

ለካ ካርቶኑ ቤት፣ ቆርኪው ባጃጅ፣ ሰማያዊው ጨርቅ የሁሉቃ ወንዝ፣ ሳፋው ደግሞ የወንጪ ሐይቅ ኖሯል። ሳምንቱን ሙሉ ሲገነቡት የሰነበቱትን ከተማ ነው በአንድ መጥረጊያ ያነሳሁት። ቦንቱ ግን የከተማው ነገር አላሳሰባትም።

«አባዬ፣ ፈረሴስ?»

«የቱ ፈረስ?»

«ሐይቁ አጠገብ የቆመው። ለእማዬ የሠራሁት።»

ያ እግሩ ያልለየለት ጭቃ ትዝ አለኝ። «የኔ ቆንጆ፣ ሌላ እገዛልሻለሁ። ዛሬውኑ፣ ከገበያ፣ የሚያምር ፕላስቲክ ፈረስ።»

«የገበያው ወንጪን አያውቅም» አለችና ፊቷን አዙራ ወደ አዴ ጫልቱ ሄደች። «ሁለተኛ አባዬ እንዳይመጣ። እማዬ ብቻ ትምጣ።»

እውነቱን ልንገርህ፣ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። አላለቀሰችም። ጠዋት በኩራት ስታስተዋውቀኝ የነበረችው ልጅ አሁን ከአዴ ጫልቱ ቀሚስ ኋላ ሆና ልታየኝም አልፈለገችም።

አዴ ጫልቱ አልተቆጡኝም። «እዚህ ሰው ሲጣላ እኛ አንፈርድም። ልጆቹ ይሸመግላሉ» አሉኝ።

የሮቤራ አያት በሰፈሩ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጁም የአያቱን ጉሮሮ መጥረግ ሳይቀር ወርሷል። ልጆቹ ግቢው ውስጥ ካለው ጥድ ሥር ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ሮቤራ እንደ አያቱ ዱላ ያዘ፤ ዱላው የኔው መጥረጊያ እንጨት ነው።

«የቦንቱ አባት፣ ታኢ» አለኝ፤ ተቀመጥ ማለቱ ነው። ጠዋት አንቱ ሲለኝ የነበረ ልጅ እኮ ነው። ምን ላድርግ፣ ሽማግሌ ሆኗል፤ ተቀመጥኩ።

«ከተማችንን ለምን አፈረስክ?»

«ላስተካክል ብዬ።»

«ተበላሽቶ ነበር?»

«መስሎኝ ነው።»

«ጠየቅከን?»

«ተኝታችሁ ነበራ።»

«ስንነቃ አትጠይቀንም?» አለች ከዳር አንዲት አፍንጫዋ የሚፈስ ሽማግሌ።

ስንቱን ኦዲተር መልስ ሰጥቼ የሸኘሁ ሰው፣ ለዚች ሣር መንጨት ጀመርኩ። ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ሮቤራ ጉሮሮውን ጠረገና ፍርዱን ተናገረ።

«ከተማውን አብረኸን ትሠራለህ። ፈረሷን ገድለህባታል፤ ስለዚህ ፈረስ ትሆናለህ።»

ትልልቆቹ ሲታረቁ እንደሚያደርጉት ለእኔና ለቦንቱ እርጥብ ሣር አስያዙን። ቦንቱ ሣሩን ተቀበለች እንጂ ቀና ብላ አላየችኝም። ከጥዱ ሥር ተነሥቶ ሳፋው እስካለበት አጥር ጥግ ድረስ መሬቱ ቁልቁለት ነው፤ ወንጪም እንደዚያው ቁልቁል በፈረስ ነው የሚወረደው። እኔም የቢሮ ሱሪዬን እንደለበስኩ በአራት እግሬ ቆምኩ። ቦንቱ አየችኝ፣ አየችኝና ጀርባዬ ላይ ወጣች።

«ቀስ በል፤ ገደል አለ» አለችኝ።

ቀስ አልኩ። ሳፋው ጋ ስንደርስ ጎንበስ ብላ አንገቴን አቀፈችኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ጉልበቴ ውስጥ የገባውን ጠጠር እንኳ ረሳሁት። ቀና ስል ግን ሽማግሌዎቹ በሙሉ «ፈርዳ! ፈርዳ!» እያሉ፣ ፈረሱን እየጠሩ ተሰልፈዋል። ለካ ሁሉም ወንጪ መሄድ ይፈልጋል።

ሮቤራን ጭኜ ቁልቁል ስወርድ የግቢው በር ተከፈተ። ባለቤቴ ናት።

«ቦንቱዬ፣ ያልሽኝ ፈረስ የታለ?»

«ይኸው» አለቻት ወደ እኔ እየጠቆመች።

ባለቤቴ ከጋማዬ እስከ ጅራቴ ተመለከተችኝ። «ይናገራል?»

«አይናገርም።»

«ይሻለዋል» አለች ባለቤቴ፤ ያቺን የጠዋቷን ፈገግታ እንደገና ፈገግ ብላ።

ባለፈው ሰኞ ተራችን ዞሮ ደረሰ። ባለቤቴ ሥልጠና አልነበረባትም፤ ቦንቱ ግን «አባዬ ይምጣ» አለች። ሰምተሃል? አባዬ ይምጣ። ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። እጄን ኪሴ ከትቼ፣ አንዲት ቆርኪ ላልነካ ለራሴ ምዬ የመጫወቻውን ክፍል በር ስከፍት፣ አምቦ ከነወንዟ ከነባጃጇ በሩ ሥር ተገንብታለች፤ እግር ማሳለፊያ እንኳ አልተዉልኝም። ልጆቹ ያን ቀን ለፈረሱ እንደተሰለፉት ከከተማዋ ማዶ በሰልፍ ቆመዋል። ቦንቱ ከሰልፉ ፊት ናት፤ መጥረጊያውን ዘረጋችልኝ።

«አባዬ፣ አስተካክል።»