መረብ የለበሰችው ሉቾ

(ትራዚሜኖ ሐይቅ ዳር፣ ማለዳ። ጉሙ ከውሃው ላይ ገና አልተነሣም። የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቀ መንበር አዛውንቱ ኤቫሪስቶ፣ ከደቡብ መጥቶ የመንደሩን ልጅ ካገባው ከኑንዚዮ ጋር አንድ ገንዳ ላይ አጎንብሰዋል። ገንዳው ውስጥ ሆዷ በእንቁላል የተነፋ፣ ጥርሳም ዓሣ ትንፈራገጣለች።)

ኤቫሪስቶ፦ ሉቾ አይደለችም አልኩህ! ሉቾ ዓሣ እንዲህ አይደለም!

ኑንዚዮ፦ ጋሼ፣ አፏን ይዩት እንጂ! እንደ ዳክዬ ጠፍጣፋ፣ ጥርሷ መጋዝ። ሉቾ ካልሆነች ምን ልትሆን ነው፣ ርግብ?

ኤቫሪስቶ፦ የሐይቃችን ሉቾ ገላው ጠቃጠቆ ነው። ክብ ክብ፣ ጥርት ያለ። ይቺ ግን መረብ የለበሰች ናት።

ኑንዚዮ፦ ምናልባት ከመረቤ ተጋብቶባት...

ኤቫሪስቶ፦ ጉንፋን ነው እንዴ የሚጋባው! አየህ፣ ማኅበሩ ውስጥ የማላስገባህ ለዚህ ነው። የሐይቁን ዓሣ ያልለየ አባል አይሆንም።

ኑንዚዮ፦ ሚስቴ ከዚህ፣ ልጆቼ ከዚህ። ጀልባዬን ከእናንተ ጎን ለማሰር እስከ መቼ ልለማመጥ?

ኤቫሪስቶ፦ አንተ መጤ ነህ። ይቺም መጤ ናት። የመጤ ዓሣ ሕጉ አንድ ነው፤ ወደ ውሃ አይመለስም። (ዱላ ያነሣል)

ኑንዚዮ፦ እንቁላሏን እንደያዘች? ኧረ በእመቤታችን!

ኤቫሪስቶ፦ እሱማ የባሰ ነው! ዘሯ ይፈለፈልና ንጹሑን ሉቾአችንን ያበላሽብናል። ቆይ፣ ከየት እንደመጣች ጥርሷ ይናገራል። (ጣቱን አፏ ውስጥ ያስገባል) እሪ!

ኑንዚዮ፦ ምን አለች?

ኤቫሪስቶ፦ (ጣቱን እየጠባ) አውሬ! የኛዎቹ እንዲህ አይነክሱም።

ኑንዚዮ፦ እውነትዎን ነው፤ የእናንተዎቹ የሚነክሱት ስብሰባ ላይ ነው። (ለዓሣዋ ያንጎራጉርላታል)

ውሃው በር የለውም፣ ለመጣ ለሄደ፣
ዘበኛ ነኝ ባዩ፣ ከየት ተወለደ?

ኤቫሪስቶ፦ ለኔ ነው? ጠይቅ እንጂ! ይህን ሐይቅ ሐይቅ ያሰኘው የኔ አያት ነው። ጠቃጠቆዎቹን ሉቾዎች ከሰሜን፣ ከብርዱ አገር፣ በበርሜል አጭቆ በባቡር አምጥቶ የለቀቀው ማን ሆነና!

ኑንዚዮ፦ ጠቃጠቆዎቹን... በባቡር?

ኤቫሪስቶ፦ በባቡር!

ኑንዚዮ፦ ከዚያ በፊት ሐይቁ ባዶውን ነበር?

ኤቫሪስቶ፦ ባዶውንስ አልነበረም። አያቴ ሲያወራ፣ አንዳንድ ቀጫጭን ነገሮች ነበሩ፤ ገላቸው መረብ መረብ የሚል... (ድንገት ገንዳውን ያያል። ዱላውን ቀስ ብሎ መሬት ያስቀምጣል።)

ኑንዚዮ፦ እኔ ቀርፋፋ ነኝ ጋሼ፣ ቀስ ብለው ያስረዱኝ። አያትዎ ዓሣውን ሊያመጡ ከዚህ ነው የሄዱት ወይስ...

ኤቫሪስቶ፦ (በሹክሹክታ) አብረው መጡ።

ኑንዚዮ፦ እነማን?

ኤቫሪስቶ፦ አያቴና ዓሣው! በርሜሉ ላይ ተቀምጦ ነው የመጣው፣ ተደሰትክ? ዝም በል አሁን፣ ሰዎቹ እየመጡ ነው! ስማ... ጀልባህን ከኔ ጎን እሰር። ከዛሬ ጀምሮ አባል ነህ። ብቻ አፍህን ያዝልኝ፣ ወንድሜ።

ኑንዚዮ፦ ወንድሜ! (ዓሣዋን በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ውሃው ዝቅ ያደርጋታል) ሂጂ እቴ፣ ቤትሽ ግቢ። እንግዶቹንም አትቀየሚያቸው፤ ቀስ እያሉ አገሩን ይለምዱታል።