የጥሩአይነት ፈረስ

በእንጅባራ ዙሪያ እንደ አያ ሙሉዓዳም ፈረስ መግራት የሚሆንለት ሰው አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ጥሩአይነት የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇን ልየውን ፈረስ አስይዛ ደጃቸው መጣች።

«አያ፣ ተበላሸብኝ» አለች። «የመንገድ ዳር ቅጠል ለምዶ የቤቱን ገብስ እምቢ አለ። እንቅልፍ የለው። ባለፈው ሳምንት ከመሰሎቹ ጋር አስፋልት ወጥቶ ከጭነት መኪና ለጥቂት ተረፈ።»

አያ የፈረሱን ከንፈር ገለብ አድርገው ጥርሱን አዩ፤ ወተት ይመስላል። ሆዱን ዳበሱ፤ ሞልቷል። ቀና ሲሉ ገመዱን የያዘው ልጅ ከንፈሩ ደርቋል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ነገሩ ገባቸው፤ እጃቸውን ግን ከፈረሱ አላነሡም።

«ምን ሞከርሽ?»

«ገረፍኩት፤ ባሰበት። አሰርኩት፤ በጠሰው።»

«ቤት ሲገባስ ማን ይቀበለዋል?»

«እኔ ከጉልት ስመለስ እሱ ወጥቷል።»

አያ ወደ ልጁ ዞሩ። «ይህ ፈረስ አፍ ቢኖረው ምን ይል ነበር?»

ልየው ገመዱን በጣቱ ጠመዘዘ። «አባቱ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎበታል።»

እናቱ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«ይገራል!» አሉ አያ፣ የፈረሱን አንገት መታ መታ እያደረጉ። «አንተ ከትምህርት ቤት መልስ ይዘኸው ና፤ አብረን እንጋልባለን። አንቺም ከጉልት ቀደም ብለሽ ተነሺ፤ ሲገባ ደጅ ላይ ያግኝሽ።»

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ፈረሱ ገመዱን እየጎተተ ብቻውን አያ ደጅ መጣ፤ ልየው ቀረ። ጥሩአይነት ያን ቀን ዱላ አላነሣችም፤ ራቱን አቆይታ ደጅ ላይ ጠበቀችው። በማግስቱ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሲደርስ አያ፣ «ትናንት ናፍቀኸው ነበር» ብለው ኮርቻውን አቀበሉት። ከዚያ ወዲህ አልቀረም።

በጥር፣ በፈረሰኞች በዓል፣ ልየው ፊቱ ወዝ ጠጥቶ ሜዳውን ሲያቋርጥ ያየ ሁሉ፣ «የጥሩአይነት ፈረስ እንዴት አማረበት!» አለ።

ፈረስ የሌላት ጎረቤቷ አገርነሽ ጠጋ አለቻት። «እኔም ቤት ቅጠል የለመደ አለ፤ ከመሰሎቹ ልለየው ይሆን?»

ጥሩአይነት ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል ሣቀች።

«መለየቱ ይቆይሽ፤ የእኔን የመለሰው ጠዋት ማታ ልየው ማለቴ ነው።»