ዘፈን አስቁሞ አስረጂው

ዘፈን አስቁሞ የሚያብራራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን እዚህ ማርቆስ ከተማ አንዱ አቃጥሎኛል። እሑድ ከሰዓት ጠጅ ቤት ተቀምጠን፣ አንድ መምህር ስልኩን ከድምፅ ማጉያው አገናኝቶ የጥንት ጃዝ ከፈተልን። ሳክስፎኑ አንጀቴን ማላወስ ሲጀምር ቀጥ አደረገው!

«ይህን ያልተጫወተ የጃዝ ሰው የለም። ዜማው ሁለቴ ይደገማል፤ ከዚያ ድልድዩ፣ ማለትም የዜማው መሸጋገሪያ፣ ይመጣል።»

«ኧረ ጋሼ፣ ይልቀቁት!» አልኩ።

«ሳይገባህ ምኑን ትሰማዋለህ?»

ሳይገባኝ ስንቴ አልቅሻለሁ! ማን ይሙት፣ ለቅሶ ማብራሪያ ይፈልጋል?

ጠጅ ቤት ጮክ ብሎ የተናገረ ሁሉ ለአዝማሪ ግጥም እንደሰጠ ነው የሚቆጠረው። የቤቱ አዝማሪም ማሲንቆውን አነሳና፣ «ዜማው ይደገማል፣ ድልድዩ ይመጣል» እያለ ተቀበለው። ቤቱ በሳቅ አውካካ። በቃ፣ አፍሮ ዝም ይላል ብዬ ደስ አለኝ።

ምን ያፍራል! እጁን አንስቶ አዝማሪውንም አስቆመው።

«ቆይ፣ አሁን ምን እንዳደረግህ ላስረዳህ።»