የቀበሌያችን የእንግሊዝኛ ሰዋስው ዘመቻ

ታላላቅ ሥራዎች ተረስተው ይቀራሉ። ድልድይ የሠራ ይረሳል፤ ሽፍታ ያባረረም ይረሳል። ጂንካ ላይ የላይኛው ቀበሌያችን ያካሄደው የእንግሊዝኛ ሰዋስው ዘመቻ ግን እንዲሁ ቀልጦ እንዳይቀር ብዬ አፌን ከፍቻለሁ። እኔ ብርነሽ ፊደል አልቆጠርኩም። የምለውን የሚጽፈው ሌላ ነው፤ እንዳያሳምርብኝ አስጠንቅቄዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በውሃ ነው። የእኛ ሰፈር ዳገት ላይ ነው፤ ውሃው ታች ነሪ ወንዝ ነው። ባዶ እንስራ አዝለን እንወርዳለን፣ ሞልተን አዝለን እንወጣለን። ዝናብ ሲጥል ያ ቀይ ጭቃ ሰው አይመርጥም። ጎረቤቴ አስቻለች ያለፈው ክረምት እንስራ እንዳዘለች ተንሸራታ ወድቃ የገፋ ፅንስ አስወርዷታል። አሁን ደግሞ ሌላ ይዛለች። ስለዚህ ከአውራጃው «የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ባለሙያ ከወንድም ሶሻሊስት አገር ይመጣል፤ ቦታውንም የሚመርጠው እሱ ነው» ሲባል እንደ እሷ ደስ ያለው አልነበረም።

ሊቀመንበራችን ጓድ ጎሳዬ ግን አርቆ አሳቢ ነው። ስለ ውሃ የሚያስብ ተራ ሰው ነው፤ መሪ የሚያስበው ስለ አቀባበል ነው። ወዲያው ስብሰባ ጠራ።

«ጓዶች፣ እንግዳው ሲመጣ በምን ልናናግረው ነው? በእጅ ምልክት? ፍየል ነን?»

ፍየል ነኝ ያለ አልነበረም።

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ነዋሪው በሙሉ እንግሊዝኛ ይማራል። መሠረቱ እንዲጠብቅ ከሰዋስው እንጀምራለን። ከትምህርቱ የቀረ ሰው ጉድጓዱን በገዛ እጁ እንደ ደፈነ ይቆጠራል።»

አንጁሎ እጁን አወጣ። አንጁሎ የአሪ ሰው ነው፣ ማር ያመጣል ይሸጣል፤ ሲናገር አይቸኩልም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ለመሆኑ ሰውየው እንግሊዝኛ ይችላል?»

ጓድ ጎሳዬ በሐዘኔታ ተመለከተው። «አንጁሎ፣ ሰውየው ፈረንጅ አይደለም?»

«ነው ይላሉ።»

«ታዲያ ምኑን ትጠይቀኛለህ?»

«ሐመሩም ጥቁር ነው፣ እኔም ጥቁር ነኝ» አለ አንጁሎ። «ሐመርኛ ግን አልችልም።»

ይህ የንቃት ጉድለት ነው ተባለ። ተጨበጨበ። አንጁሎም አብሮ አጨበጨበ።

አስተማሪ ሆኖ የተመደበው ከወጣቶች ማኅበር ተገኝ ነው። ተገኝ ምሁር ነው፤ አርባ ምንጭ ድረስ ሄዶ ፈተና ወድቆ ተመልሷል። እኛ ሌሎቻችን ለመውደቅ እንኳ ያን ያህል ርቀን አናውቅም። የትምህርቱ ሰዓት ማለዳ እንዲሆን ተወሰነ። ማለዳ ማለት ከብቱ ወንዝ ሳይገባ፣ ውሃው ሳይደፈርስ እኛ ሴቶች የምንቀዳበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ለውሃው ሲባል ንጹሕ ውሃ መቅዳት ቀረ። ከትምህርት ስንወጣ ከብቱ የተወልንን እንቀዳለን።

በመጀመሪያው ቀን ተገኝ ሰሌዳው ላይ አንዲት ቀጥ ያለች እንጨት የመሰለች ነገር ጻፈ።

«ይቺ ‹አይ› ትባላለች። እኔ ማለት ናት።»

ጓድ ጎሳዬ ከፊት ወንበር ተነሣ። «ትምህርቱ በ‹እኔ› ነው የሚጀመረው?»

«መጽሐፉ እንደዚያ ነው የሚለው ጓድ።»

«ለምንስ ነው እንዲህ የረዘመችው?»

«ሁልጊዜ በትልቁ ነው የምትጻፈው። ሌሎቹ ቃላት መሃል ብትገባም ትልቅ ናት።»

«ሰው መሃል ገብቶ ብቻውን የሚረዝም?» አለ አንጁሎ። «ባላባት ነዋ።»

ሊቀመንበሩ አንጁሎን ለመጀመሪያ ጊዜ በአድናቆት አየው። በዚያው ዕለት «አይ» በግለኝነት ተከስሳ ከሰዋስው ተባረረች። ትምህርቱ በ«ዊ» ተጀመረ፤ እኛ ማለት ነው።

አማማራችን ደግሞ እንደ መፈክር በጋራ ነበር። ተገኝ «ዊ አር» ይላል፤ አዳራሹ ሙሉ «ዊ አር» ይላል። ይህ አሠራር ጥበብ አለበት። ብዙ አፍ አንድ ላይ ሲከፈት ያወቀና ያላወቀ አይለይም። አንጁሎ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ጓድ ጎሳዬ የመጨረሻዋን ድምፅ አድፍጦ ይጠብቅና ከሁሉ በላይ ይጮኽባታል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ቦሎቄዬን እፈለፍላለሁ።

«እማማ ብርነሽ፣ ምነው ዝም አሉ?» አለኝ ተገኝ አንድ ቀን።

«አፌን ከከፈትኩ በምን ልሰማህ ነው ልጄ?»

ከዚያ ሁሉ ሰው ከልቡ የሚማር አንድ ብቻ ነበር፤ አስቻለች። ዳገቱን ስትወጣ ትንፋሽ እያጠራት «ዚስ ኢዝ ዋተር» ትላለች። ይህ ውሃ ነው ማለት ነው። ጎንበስ ትላለች፣ እንስራውን ታስተካክላለች፣ ደግሞ ትለዋለች።

«አንቺ ልጅ፣ ትንፋሽሽን ለዳገቱ አስቀምጪው» አልኳት።

«እማማ፣ አሳምሬ ከነገርኩት ሰውየው አይሰማኝም ብለው ነው?»

«ምን ልትዪው ነው?»

«ዊ ኒድ ዋተር። ውሃ ያስፈልገናል ማለት ነው።»

«ማስፈለጉንስ በአማርኛም አስፈልጎናል» አልኩ። እሷ ግን ደገመችው። ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ።

እንግዳው የሚመጣበት ቀን ደረሰ። የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሃል ያለ መስክ ነው፤ አውሮፕላን በሌለበት ቀን የከብት ነው። ዘበኞች ከብቱን አባረሩ፤ እኛ በማዕረጋችን ተሰለፍን። አስቻለች ከአቀባበሉ በኋላ ውሃ ለመቅዳት አስባ እንስራዋን አዝላ መጥታ ነበር። ጓድ ጎሳዬ አያት።

«እንስራ? እንግዳው ውሃ የሌለን ይመስለዋል እኮ። ሂጂ፣ ከዚህ ጥፊ።»

ልጅቱ ያንን ሁሉ ሰዋስው በአፏ እንደያዘች ወደ ወንዙ ወረደች።

አውሮፕላኑ አረፈ። አንድ ፊቱ የቀላ ሰው ወረደ፤ ከኋላው ኮሌታው የደረቀ አስተርጓሚ ከአዲስ አበባ። ጓድ ጎሳዬ ደረቱን ነፍቶ «ዊ አር ፋይን!» አለ። ደኅና ነን ማለቱ ነው፤ የጠየቀው ግን አልነበረም። እኛም በአንድ ድምፅ ደኅና መሆናችንን አስተጋባን። እንግዳው ፈገግ ብሎ አስተርጓሚውን አየው። አስተርጓሚው ሊቀመንበሩን አየው።

«ጓድ፣ ይህ ምን ቋንቋ ነው?»

«የእንግዳው ነዋ።»

«እንግዳው አንዲት ቃል እንግሊዝኛ አያውቅም። ይህ የኢምፔሪያሊስቶች ቋንቋ ነው። የአገሩ ጠላቶች ቋንቋ።»

አንድ በሬ ተመልሶ መስኩ ገባ፤ የሚያባርረው ጠፋ። አንጁሎ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «ሐመርኛ አልችልም ብዬ ነበር» አለኝ።

እንግዳው ራሱ ግድ አልሰጠውም። ዳገቱን ወጣ፣ አፈር ዘግኖ አየ፣ ወዲያ ወዲህ ተራመደ፣ በመጨረሻም አስቻለች አጥር ሥር ችካል ተከለ። ማሽኑ ሲመጣ የሚቆፈረው እዚህ ነው ተባለ። እንግዳውና አስተርጓሚው በዚያው በላንድሮቨር ወደ ዲመካ ወረዱ። አስተርጓሚው ግን ከመሄዱ በፊት አውራጃው ጋ ጎራ ብሎ ነበርና፣ ከሰዓት በኋላ አዳራሻችን ውስጥ ጥቁር መነጽር ያደረገ አጣሪ ተቀምጦ አገኘነው።

«በዚህ ቀበሌ አንድ ሰው እንኳ የጠላትን ቋንቋ ሲያውቅ ከተገኘ» አለ አጣሪው፣ «ችካሉ ተነቅሎ ወደ ታችኛው ቀበሌ ይሄዳል።»

ጓድ ጎሳዬ ተነሣ። «ጓድ አጣሪ፣ እዚህ እንግሊዝኛ የሚባል ነገር ተሰምቶም አያውቅ።» ተገኝ ከኋላው ቆሞ ሰሌዳውን በጀርባው ያብስ ነበር።

ስለዚህ ፈተና ተጀመረ። አጣሪው ራሱ እንግሊዝኛ ያውቃል፤ ጠላትን ለመከታተል ሲባል ተፈቅዶለት ነው። እስክሪብቶውን አነሣና ሊቀመንበሩን «ዋት ኢዝ ዚስ?» አለው።

ጓድ ጎሳዬ ላብ አጠመቀው። «እውነቱን ልናገር ጓድ፣ ምን እንዳሉኝ አላወቅሁም።»

እውነቱን ነበር። ስንት ስብሰባ አብሬው ተቀምጬ እውነት ሲወጣው ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ቀጥሎ ተገኝ ተጠየቀ። ፈርቷል፤ ግን አስተማሪ ነው፣ ኩራት ያዘው። አንድ ረጅም ነገር ተናገረ። አጣሪው መነጽሩን አወለቀ።

«ድገመው።»

ደገመው።

«ይህ እንግሊዝኛ አይደለም» አለ አጣሪው። «የማንም ቋንቋ አይደለም። ነጻ ነህ፤ ተቀመጥ።» እንዲያ አፍሮ ነጻ የወጣ ሰው ተገኝ ብቻ ነው።

አንጁሎ፣ «ጌታዬ፣ እኔ አማርኛውም ገና አልገባኝም» ብሎ ባማረ አማርኛ አስረዳ። የእኔ ተራ ሲደርስ፣ «እንኳን የሰው አገር ቋንቋ፣ የዚህን ቀበሌ ቋንቋም መረዳት አቅቶኛል» አልኩ። አለፍኩ። አዳራሹ ሙሉ ሰው አንድ በአንድ እየተጠየቀ ወደቀ፤ በወደቀ ቁጥር ይጨበጨብለታል። ጉድጓዱ የእኛ ሊሆን ጥቂት ቀረው።

ያኔ አስቻለች ከወንዝ መጣች። ሰፈሩ ሁሉ አዳራሽ ስለነበር የነገራት የለም። ያየችው አጥሯ ሥር የተተከለውን ችካል ብቻ ነው፤ የአዳራሹ ዘበኛ «ስለ ውሃው እየተጠየቀ ነው፣ ቶሎ ግቢ» አላት። እንስራዋን እንዳዘለች ገባች። ፊቷ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም።

አጣሪው ጀርባዋ ላይ ያለውን በእስክሪብቶው ጠቆመ። «ዋት ኢዝ ዚስ?»

ላስጠነቅቃት ብዬ ሳልኩ። አንጁሎም ሳለ። እሷ ግን ቀና ብላ፣ ቃል በቃል፣ «ዚስ ኢዝ ዋተር» አለች። ያላለቀ መሰላትና ጨመረች። «ዊ ኒድ ዋተር።»

አንድም ስሕተት አልነበረበትም መሰለኝ፤ አጣሪው በአዎንታ አንገቱን ነቀነቀ።

መጀመሪያ የተነሣው ጓድ ጎሳዬ ነው። «ጓዶች! ሰርጎ ገብ በመካከላችን ነበረች! ንቁ የሆነው የቀበሌያችን አመራር እነሆ አጋልጧታል!» ተጨበጨበ። ለንቃቱ አጣሪው አመሰገነው።

ችካሉ ተነቀለ። ጉድጓዱ ታችኛው ቀበሌ ተቆፈረ፤ ከነሪ ወንዝ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ቦታ። አስቻለች ደግሞ ለመታረሚያ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት በየቀኑ ውሃ እንድትቀዳ ተፈረደባት። እኛ ሴቶች በተራ እናግዛት ብለን ጠየቅን።

«አይቻልም» አለ ጓድ ጎሳዬ። «ጥፋቱ የግል ነው።»

እንግዲህ ያቺ የተባረረች «እኔ» ለቅጣት ጊዜ ተፈቅዳ ተመለሰች። እኛ ግን አልሰማነውም። ዳገቱን እኛ እንሸከማለን፣ ከጽሕፈት ቤቱ ማዕዘን እስከ በሩ እሷ ታዝላለች። በደኅና ተገላገለች፤ ሴት ልጅ ናት።

«እማማ፣ የተናገርኩት ልክ አልነበረም እንዴ?» ትለኛለች አሁንም ስታጠባ።

«ልክ ነበር። ጥፋትሽም እሱ ነው» እላታለሁ።

ጓድ ጎሳዬ እሷ የቀዳችውን ውሃ ጠጥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አዲስ ዘመቻ አውጇል። እንግዳው በሌላ ጊዜ ይመለሳልና የአገሩን ቋንቋ እንማራለን። የቋንቋውን ስም የሚያውቅ ስላልተገኘ «የወንድም ቋንቋ» ተብሏል። አስተማሪው ተገኝ ነው፤ ከማንም ቋንቋ ነጻ መሆኑ በአጣሪ ተረጋግጦለታል። አዳራሹ ማለዳ ማለዳ ይሞላል፤ ሁላችንም በአንድ ድምፅ እንጮኻለን፤ አጣሪውም እየመጣ ይጎበኘናል። እስካሁን አንዲት ቃል ያወቀ ሰው አልተገኘም። ትምህርቱ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው።