ሳተላይቷን በሰልፍ የተቀበልን ጊዜ

አስተማሪ «አላውቅም» ከሚል ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጣል! አይደለም ካላችሁ አንዱን ጠይቁትና እዩ። በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ጂኦግራፊ ሳስተምር ይኸው ጠባዬ ሚስት ሊያሳጣኝ ነበር።

አንድ ወዳጅ አገር የአየር ጠባይ የምትከታተል ሳተላይት ማምጠቁን ሬዲዮ ተናገረ። በቀበሌያችን የውይይት ክበብ እንዳብራራ ታዘዝኩ።

«ከዋልታ ዋልታ ትዞራለች፤ መሬትም ከሥሯ ስለምትሽከረከር የማታየው አገር የለም» አልኩ። እዚህ ላይ ብቀመጥ ምን ነበረበት?

«ሆሳዕናንም?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እንዴታ!»

«መቼ?»

«ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት ላይ!» አልኩላችሁ... ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ሊቀመንበሩ ብድግ አሉ። «ጓዶች! እንግዳ ስትመጣ ከተማችን ቆሽሾ አይጠብቃትም። አጥሩ ሁሉ ኖራ ይቀባ! ቅዳሜ ሕዝቡ ሜዳ ወጥቶ ያጨብጭብ። ለጎረቤት ከተማችን ለሾኔም ስልክ እደውላለሁ፤ በእነሱም ላይ ማለፏ አይቀርም።»

ቅዳሜ እኮ ሽማግሌዎቼ አስቴርን ሊጠይቁልኝ ሾኔ የሚሄዱበት ቀን ነው! አባቷ ደግሞ «ቀጠሮ የማያከብር አማች አልፈልግም» ባይ ናቸው። አውቶቡሱ የሚነሳው ልክ አራት ሰዓት።

ቅዳሜ ሜዳ ላይ ተሰለፍን። ዝናቡ ይወርዳል፤ ኖራውም ከአጥሩ ላይ አብሮት ይወርዳል። የሽማግሌዎቼ አለቃ ጋሽ ሎምበቦ ካፖርታቸው በስብሶ «መምህር፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው እኮ!» ይሉኛል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ በዚህ ደመና ልታየን አትችልም» ብዬ ለመንኩ።

«ደመና ልታይ አይደል የመጣችው? ደመናው አለ፤ እኛም አለን!»

ምን ላድርግ? ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲል ወደ ሰማይ ጠቆምኩና «አለፈች!» ብዬ ጮህኩ። ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን አዩ።

«ቀደመች እኮ!»

«ከዕቅዷ በላይ ፈጽማ ነው፣ ጓድ!»

ፊታቸው በራ። ሽማግሌዎቼም ሮጡ።

ግን ምን ዋጋ አለው? አውቶቡሱን መንገድ ላይ ጭቃ ያዘውና ሾኔ የደረሱት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የአስቴር አባት ቤት የሉም። ሽማግሌዎቼ «በቃ፣ ተቀይመው ወጥተዋል» ብለው ሲሸማቀቁ፣ አስቴር ብቅ አለችና «አባባ ሜዳ ናቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ» አለቻቸው።

ለካ እዚያ «አለፈች!» የሚል አስተማሪ አልነበረም! የሾኔ ሕዝብ በዝናብ ውስጥ አንጋጦ ቆሟል። ጋሽ ሎምበቦ ወደ አገሩ ሊቀመንበር ቀርበው «ጓድ፣ እሷ እኮ ጠዋት አልፋለች፤ መምህራችን በዓይኑ አይቷታል» አሉና ሰልፉን አስበተኑ።

የአስቴር አባት እግራቸውን ከጭቃው እየነቀሉ «ይሄ መምህር ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ልጅዎን የሚጠይቀው እሱ ነው።»

«ሰጥቻለሁ! እንዲህ ያለ ሰው ሾኔም ያስፈልጋታል።»