የአዴ ዘይነባ ፍሪሲዮን

መኪና የገዛ ሰው ለራሱ የገዛ ይመስለዋል። በደርግ ዘመን ጅማ ውስጥ አስተማሪ ሳለሁ አንዲት አሮጌ ትንሽ መኪና ነበረችኝ። ሊብሬው በእኔ ስም ይሁን እንጂ መኪናዋ የሰፈሩ ነበረች፤ ሙሽራም በሽተኛም በግም ጭናለች። የእኔ ብቻ የምትሆነው ስትበላሽ ነው።

አንድ ጠዋት ጎረቤቴ አዴ ዘይነባ በሬን አንኳኩ። አጋሮ የተዳረችው ልጃቸው የመጀመሪያዋን ልትወልድ ምጥ ይዟታል። አውቶቡሶቹ ደግሞ ሕዝብ ወደ ሰልፍ እንዲያመላልሱ ታዘው መናኸሪያው ጭር ብሏል። “መምህር፣ አላህ ይስጥህና አድርሰኝ” አሉኝ። እንዲህ ተብሎ እምቢ ይባላል?

ችግሩ ፍሪሲዮኑ ላልቶ ሰንብቷል። ፔዳሉን እስከ ወለሉ ብረግጠውም ማርሹ ይንቋቋል እንጂ አይገባም። ፍሪሲዮን ለማያውቀው፣ ማርሽ እስኪቀየር ድረስ ሞተሩንና ጎማውን የሚያለያይ ገላጋይ ነው፤ ከፔዳሉ ጋር የሚያገናኘውም የብረት ገመድ ነው። ከመኪናዋ ሥር ገብቼ የገመዱን ጫፍ የያዘችውን ዳዶ አጠበቅኩ። ትንሽ ማጥበቅ ከጠቀመ ብዙ ማጥበቅ ምን ይጎዳል ብዬ አሁንም ጨመርኩላት። ዘመኑ ራሱ ማጥበቅ ይወድ ስለነበር ተጋብቶብኝ ይሆናል።

ማርሹ ቅቤ ሆነ። የቡ የምትባለውን ከተማ አልፈን ዳገቱ ሲጀምር ግን ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ አልሰማሁም ትላለች። የመቃጠል ሽታ መጣ።

“ምንድን ነው የሚሸተው?” አሉ አዴ ዘይነባ።

“ፍሪሲዮኑ ነው።”

“ልጄ እዚያ ታምጣለች፣ አንተ እዚህ ታቃጥላለህ” አሉ። 

ዳር ይዤ ቆምኩ። ገመዱ ከመጠን በላይ ሲወጠር ማንም ሳይረግጠው እንደተረገጠ ይቆያል፤ ገላጋዩም ጠብ በሌለበት መሃል ገብቶ ይቀራል። ማላላት ያስፈልጋል፤ እኔ ከሥር ሳላላ ደግሞ ከላይ ፔዳሉን የሚሞክር ሰው ያሻል። ከአዴ ዘይነባ በቀር ማን አለ?

በመሪው በኩል ጎንበስ ብለው “ቢስሚላህ” አሉና ፔዳሉን በእጃቸው ያዙ።

“አሁንስ?” እላለሁ ከሥር።

“ደረቅ ነው።”

“አሁንስ?”

 አንገቴን ባወጣ እንባቸው ይወርዳል። “እኔም እሷን ስወልድ ልሞት ነበር” አሉኝ። በተሰባበረ ኦሮምኛዬ “ሂን ሶዳቲና፣ አይፍሩ” አልኳቸው። አነጋገሬን አረሙኝ። ደግሜ አልኩት፤ ደግመው አረሙኝ። በመጨረሻ እያለቀሱ ሳቁና ወደ ፔዳሉ ተመለሱ።

“አሁን መጀመሪያ ለሁለት ጣት ያህል ለስለስ ይላል፤ ከዚያ ይከብዳል” አሉ።

“እሱ ነው፤ ይበቃል።”

ፍሪሲዮኑ እስኪበርድ ጠብቀን ዳገቱን ቀስ ብለን ወጣነው። አጋሮ ስንደርስ ከግቢው እልልታ ተሰማ። ሴት ልጅ ተወልዳለች፤ እናትም ደህና ናት። አዴ ዘይነባ “አልሃምዱሊላህ” እያሉ ሮጠው ገቡ።

እኔ ደጅ ላይ ግራሶውን ከእጄ ሳስለቅቅ ከውስጥ ወሬያቸው ይሰማኛል። “መኪናው ዳገት ላይ እምቢ ብሎን ፍሪሲዮኑን እኔ ነኝ ያስተካከልኩት” ይላሉ ለሴቶቹ።

“መምህሩስ?” አለች አንዷ።

“እሱማ ምስኪን፣ ከሥር ተኝቶ ነበር።”